በኪልዳሪግ ደፍ ላይ አሥረኛው ስም

እኔ ኮልማን ታንሲ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ አባቴም ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በኪልዳሪግ መቃብር ካሉት ስሞች ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ ነን የቀረጽነው። ስለዚህ ስለ ስም አውቃለሁ ብል ጉራ አይሁንብኝ። አባቴ «ስም ከመንገድ ማዶ ካልተነበበ አልተጻፈም፤ ከሁለት ጣት ያነሰ ፊደል ለሞተ ሰው ስድብ ነው» ይል ነበር። እኔም እስከ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ከሁለት ጣት ያነሰ ፊደል ቀርጬ አላውቅም። ግትር ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ግንቦት የሆነውን የምርጫ ጉድ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

ኪልዳሪግ ዛሬ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት መጠጥ ቤትና ቁጥር ስፍር የሌለው በግ ነው ያላት። ድሮ ግን የራሷ የምርጫ ክልል ነበረች። አየርላንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል በራሷ ስም ሦስት ሦስት ሰው ወደ ደብሊን ፓርላማ ትልክ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ እዚያው ደብሊን የተቀመጠ ሰውዬ ካርታ ዘረጋና በመሐላችን መስመር አሰመረ። ከወንዙ ወዲህ ያለነው ለሰሜኑ ክልል፣ ከወንዙ ወዲያ ያሉት ለደቡቡ ተከፋፈልን፤ ኪልዳሪግ የሚባል የምርጫ ክልል ውሃ በላው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ሳወራው ደሜ ይፈላል። ከዚያ ወዲህ የምንመርጠው በመልክ እንኳ የማናውቀውን ሰው ነው።

የላክናቸው ሰዎች ታላላቅ ነበሩ አልልም። ባርትሊ ሎፍተስ ሃያ ሁለት ዓመት ፓርላማ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ እሱም «መስኮቱን ዝጉልን» ነው። መስኮቱ ተዘጋ። የጠየቀውን በሙሉ ያስፈጸመ ብቸኛው ተመራጫችን እሱ ነው እንላለን። ዶክተር ፈርገስ ማኒየን ደግሞ የመራጩን እኩሌታ በገዛ እጁ ያዋለደ ሰው ነበር፤ በየስብሰባው «ካልመረጣችሁኝ ወደ መጣችሁበት እመልሳችኋለሁ» ይል ነበር። ሂዩበርት ክዊግሊ በርስ በርሱ ጦርነት ከባርትሊ በተቃራኒ ወገን የተዋጋ ነው። ሁለቱ ለአሥራ አራት ዓመት በአንድ ባቡር፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ደብሊን ሲመላለሱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሂዩበርት ሲሞት ግን ሬሳውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ባርትሊ ነበር፤ ለማንም አሳልፌ አልሰጥም ብሎ እስከ መቃብር ድረስ ተሸከመው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

አምና ድምፅ ይቆጠርበት የነበረው አሮጌው ፍርድ ቤት ሲፈርስ የበሩን ደፍ አዳንነው። ተመራጮቻችን በሙሉ አሸናፊነታቸው የታወጀላቸው በዚያ ደፍ ላይ ቆመው ነው። ተመራጮቹን በስም ቀርጸን አደባባይ ላይ እናቁመው ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣው መምህር ማላኪ ዴቫኒ ሆነ፤ አባላቱ የባርትሊ የልጅ ልጅ የሆነችው የአንደኛው መጠጥ ቤት ባለቤት ዲምፕና ሎፍተስና እኔ። ማላኪ የዘጠኝ ሰው ዝርዝር አመጣ። እኔ ደፉን ለካሁት፤ በሁለት ጣት ፊደል ልክ ዘጠኝ መስመር ይይዛል። ሁላችንም ደስ አለን።

ዝርዝሩ በዲምፕና በር ላይ በተለጠፈ ማግስት ወይዘሮ አትራክታ ጊልሁሊ ሥራ ቤቴ መጡ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በባትሪ የምትሄደውን ባለ አራት ጎማ ወንበራቸውን እየነዱ ገብተው ደፉ አፍንጫ ሥር አቆሟት።

«ዝርዝሩን አየሁት፣ ኮልማን።»

«ጥሩ ዝርዝር ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል።

«ዘጠኝ ሰው ነው ያለበት።»

«ድንጋዩ የሚይዘው ዘጠኝ መስመር ነዋ።»

«እኔስ?»

ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ኪልዳሪግ ውስጥ የማያውቀው የለም። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ባርትሊ ሎፍተስ በሥልጣን ላይ እንዳለ ሞተና ለእሱ ቦታ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የለመዷቸውን ዓይነት ሰዎች አቀረቡ። አትራክታ ጊልሁሊ ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ምንም ፓርቲ ሳይኖራቸው «የቧንቧ ውሃ እንዲገባ እፈልጋለሁ» ብለው ተወዳደሩ። ባልዲ ተሸክማ የምትመላለስ ሴት ሁሉ መረጠቻቸው፤ አሸነፉ። ወደ ደብሊን የሚሄዱበትን ሰማያዊ ካፖርት በገዛ እጃቸው ሰፉ። ፓርላማው ለፋሲካ ዕረፍት ላይ ስለነበር ይከፈት ብለው ሲጠብቁ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን መንግሥት ወደቀና ፓርላማው ተበተነ። ባቡር ላይ እንኳ አልወጡም። ወዲያው በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ፣ በዘጠኝ ድምፅ ተበልጠው ሦስተኛውን ወንበር ያጡት ለቶማስ ዴቫኒ ነው፤ ለማላኪ አባት።

የተሸነፉት ለምን መሰላችሁ? እኛ አገር ሰው ሲመርጥ በየስሙ አንጻር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በቁጥር ያስቀምጣል። ዋናው «አንድ» ነው፤ «ሁለት» የሚቆጠረው «አንድ» የተሰጠው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ሲተርፈው ወይም ከውድድሩ ሲወድቅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «አትራክታ እኮ አሁን ነው ያሸነፈችው፣ እሷ አታሳስብም» እያለ አንዱን ለሌላ ሰጠ፤ ለእሳቸው ሁለት። ሰውን በመውደድ የሚጥል ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን። እሳቸው ግን አላኮረፉም። የአውራጃውን ጽሕፈት ቤት በር ሰባት ዓመት ደጅ ጠንተው ቧንቧውን አስገቡልን።

«ማላኪ ስሞቹን የወሰደው ፓርላማ ገብተው መዝገቡ ላይ ከፈረሙት ነው» አልኳቸው። «እርስዎ አልፈረሙም።»

«ተመርጫለሁ ወይስ አልተመረጥኩም?»

«ተመርጠዋል።»

«እንግዲያ ፊደሉን ትንሽ ብታሳንሰውስ? አንድ መስመር ይወጣው ነበር።»

«እሱን እንኳ አይጠይቁኝ» አልኩ። «የአባቴ ቃል ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

«አባትህም እንዲሁ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማኝ ልጄ። እዚያ የገባ ሰው ስሙ ይጠራል ብለውኝ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እኔ ግን ካፖርቱን ለብሼ መስታወት ፊት ‹አለሁ› ማለትን ተለማምጄ ነበር። የሚጠራኝ አጣሁ። ከመሞቴ በፊት አንድ ሰው በአደባባይ ስሜን ቢያነበው ደስ ይለኛል። ግድ የለኝም ብዬ አልዋሽህም፤ በጣም ነው የምፈልገው።»

አንጀቴን በሉት። ፊደሉን ግን አላሳነስኩም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ተሰበሰበና ተጨቃጨቅን። ማላኪ ልቡ ደግ ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ደብተር ነው። «ያልፈረመ አባል አባል ነው ካልን ነገ ደግሞ ማን ሊመጣ ነው?» አለ።

«ማን ይመጣል?» አለች ዲምፕና። «የቀሩት ሁሉ መቃብር ናቸው።»

«ድንጋዩ ዘጠኝ ነው የሚይዘው። እሳቸው ከገቡ አንዱ መውጣት አለበት። ማን ይውጣ? አያትሽ?»

«ያንተ አባት ይውጣ፤ እሱ ምን ሠራ?»

«አባቴን ተዪው።»

«እንግዲያው ሕዝቡ ይፍረድ» አለች ዲምፕና። «አሥሩም ይወዳደሩ፣ ዘጠኙ ይለፉ። በድሮው ክልል፣ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም። በደንቡ፣ በሣጥን፣ በቁጥር።»

ሁላችንም ተያየን። ማላኪ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የኪልዳሪግ ምርጫ አላየንም። እውነቱን ልናገር፣ የወይዘሮ አትራክታን ነገር ለጊዜው ረሳሁትና የሠርግ ጥሪ የደረሰኝ ያህል ደስ አለኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ሦስት ሳምንት አገሩ አበደ። በየመብራት ምሰሶው የሙታን ፎቶግራፍ ተሰቀለ፤ ጢማቸው እስከ ጆሯቸው የደረሰ፣ ፎቶአቸው በዕድሜ ብዛት ቡኒ የሆነ ሽማግሌዎች። የሂዩበርት ክዊግሊ የልጅ ልጆች መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ዞሩ። ዲምፕና መጠጥ ቤቷ ውስጥ ያሉትን መስኮቶች በሙሉ ዘጋግታ «ባርትሊ ቃሉን ያከብራል» ብላ ጻፈችባቸው፤ ግንቦት ስለነበር ጠጪው በሙቀት አለቀ። የማኒየን ዘመዶች በዶክተሩ እጅ የተወለደን ሰው ሁሉ ስም ዝርዝር አወጡ። እኔም አለሁበት፤ በእግሬ ነው አሉ የመጣሁት።

ወይዘሮ አትራክታ ከአሥሩ ተወዳዳሪ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ለራሳቸው ራሳቸው ቀሰቀሱ። በዚያች ወንበር ላይ ዝናብ መከላከያቸውን ደርበው በየደጁ ዞሩ። በየደረሱበት ሻይና የስንዴ ዳቦ ይቀርባል፤ በየደረሱበት «ኧረ እርስዎ ምን ያስጨንቅዎታል፣ የኔ አንድ የእርስዎ ነው» ይባላል። እኛ ዘንድ ደጅ ድረስ ለመጣ ሰው እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። አንዱን ለሦስት ለአራት ሰው ቃል ያልገባ ቤት አልነበረም። የማላኪን አባት ሊቀሰቅስ የመጣ የማላኪ ወንድም ልጅ ሳይቀር «እኔ እንኳ ለአትራክታ ነኝ» ብሎኛል።

የምርጫው ዕለት ሦስት መቶ ሁለት ሰው መጣ። ድምፁ የተሰጠው በሰበካው አዳራሽ ነው። ወረቀቱን ይዤ መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። አሥር ስም። እርሳሱን ወይዘሮ አትራክታ ጋ አደረስኩትና ቆምኩ። «እሳቸው አንደኛ ነው የሚወጡት፤ የኔ አንድ ድምፅ ምን ይጨምርላቸዋል? ዶክተሩ ግን ምስኪን፣ ባይኖር እናቴም እኔም አልነበርንም» አልኩ በልቤ። አንዱን ለዶክተር ማኒየን፣ ሁለቱን ለእሳቸው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቆጠራው ከሰዓት በኋላ ሆነ። እኛ አገር ቆጠራ ማለት እንዲህ ነው፦ ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ እኛ ልማደኞቹ ከመከለያው ማዶ አንገታችንን አስግገን፣ እርሳስና ወረቀት ይዘን፣ ዘርጊው ሳያውቀው እየለቀምን እንደምራለን። ውጤቱ ሳይታወጅ አንድ ሰዓት ቀድመን እናውቀዋለን። አርባ ሁለት ዓመት ያልነካሁት ሙያ እጄ ላይ አልጠፋም። ለማለፍ ሠላሳ አንድ «አንድ» ያስፈልጋል። ማኒየን አለፈ። ሎፍተስ አለፈ። ክዊግሊ አለፈ። የየዘመዱ ሰው እንደ አጥር ቆሟል።

ወይዘሮ አትራክታ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰማያዊውን ካፖርት ለብሰዋል። ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የብል መከላከያው የካፉር ሽታ አዳራሹን ሞልቶታል፤ ትከሻው ሰፍቷቸዋል፣ ቁልፎቹ ግን አንድም አልጎደሉም።

የመጨረሻው ወረቀት ሲዘረጋ ደመርኩ። እንደገና ደመርኩ። ዘጠኙም ሠላሳ አንድን አልፈዋል። ሁለት የሚለው ቁጥር ሳይነካ ቆጠራው በአንድ ዙር አለቀ። ወይዘሮ አትራክታ «አንድ» ያገኙት አራት ነው። «ሁለት» ያገኙት ደግሞ ሁለት መቶ ሰባ አንድ።

ማላኪ ወንበር ላይ ቆሞ አነበበው። ዘጠኝ ስም ሲያነብ ዘጠኝ ጊዜ ተጨበጨበ። ከዚያ «ጊልሁሊ፣ አራት» አለ። አዳራሹ ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያው ብቻ ይሰማ ነበር።

ወይዘሮ አትራክታ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አንዱ የራሴ ነው» አሉ። «ሦስት ሰው አለኝ ማለት ነው።» ቦርሳቸውን አነሡ። «በሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምንም አልተማራችሁም። እኔም አልተማርኩም፤ ዘንድሮም አመንኳችሁ።»

ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ግን ተሰበረ፤ ያንን አየሁ።

«እኔ ሁለት ነው የሰጠሁዎት» አልኩ። ከአፌ ወጣ። «የሚያልፉ መስሎኝ።»

«እኔም» አለች ዲምፕና ከሻይ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ማዶ።

«እኔም» አለ ካህኑ። ከዚያ ከግራም ከቀኝም «እኔም፣ እኔም» ሆነ፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬት እያየ። ማፈራችን ልክ አልነበረውም። ዛሬ እንግዲህ «ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ነበርኩ» የሚል ስልሳ ሰው ኪልዳሪግ ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ያን ዕለት ግን አንድም አልተነፈሰም።

ማላኪ ከወንበሩ አልወረደም። መነጽሩን አወለቀ። «የምርጫው ኃላፊ እንደመሆኔ አንድ ማስታወቂያ አለኝ» አለ። «የተከበሩ ቶማስ ዴቫኒ ከአባልነታቸው ለቀዋል። ልጃቸው ነኝ፣ ፈርሜ አቀርባለሁ። ያኔ በዘጠኝ ድምፅ ወሰደው፤ ይመልሰው። ቦታው ክፍት ነው፣ የማሟያ ምርጫ ይደረግ። ዕጩ?»

«አትራክታ ጊልሁሊ» አለ አዳራሹ።

«ሌላ ዕጩ?»

ማንም እጁን አላነሣም።

«ተፎካካሪ ከሌለ ድምፅ አያስፈልግም። ወይዘሮ አትራክታ ተመርጠዋል።»

ጣሪያው ሊነሣ ነበር፤ የክዊግሊና የሎፍተስ ዘሮች ሲተቃቀፉ በሕይወቴ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ አትራክታ ግን እጃቸውን አነሡ።

«አልቀበልም» አሉ። «ማላኪ፣ አባትህ ያሸነፈኝ ማታ ቤቴ ድረስ ዝይ አንጠልጥሎ መጥቶ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ነው። ዝይዋን በልቻታለሁ። በእሱ ቦታ አልገባም።»

«ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም።»

«ለኔ ሲሉ።»

«ላንተ ስል ነው የማልገባው።»

እኛ ዘንድ ይህ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ በር ላይ «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ሻያቸው የቀዘቀዘባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያኔ ዲምፕና ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«ጋሽ ኮልማን» አለች፣ «ያ ፊደል ስንት ጣት ነበር ያልከን?»

ሦስት መቶ ሰው ዞሮ አየኝ።

«ሁለት» አልኩ። «የአባቴ ቃል ነው። ለሞተ ሰው ከሁለት ጣት...» አፌ ላይ ቀረ። ቀና ስል በዚያ ካፖርት ውስጥ ሆነው ያዩኛል። አባቴ ይህን ያለው ለሙታን ነው። ከአሥሩ አንዷ ግን አልሞቱም፤ ሻያቸውን ጨርሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ስለ ሕያው ሰው አባቴ አንድም ቀን ያለው ነገር የለም፤ ዘጠኙ ሙታንም ለሕያው ሰው ቦታ ብለው ቢጠብቡ ስድብ አይሆንባቸውም።

«አንድ ጣት ተኩል ካደረግሁት» አልኩ፣ «አሥር መስመር ይይዛል።»

«ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት ብትል ኖሮ...» አለ ማላኪ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ብል ኖሮ ምርጫ ታይ ነበር?»

አሰበበት። «አላይም ነበር» አለና ከወንበሩ ወርዶ አንገቴን አቀፈኝ።

ድንጋዩ የቆመው ሰኔ ውስጥ፣ በእሑድ ረፋድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከወንዙ ወዲያ ያሉት ሳይቀሩ መጡ። ስሞቹን በተመረጡበት ቅደም ተከተል ነው የቀረጽኩት። ሽፋኑ ሲነሣ ወይዘሮ አትራክታ ወንበራቸውን አስጠግተው አፈጠጡ።

«በጣም ደቃቃ ነው» አሉ። «አይነበበኝም።»

«አባቴ አልነገረዎትም?» አልኩ።

«አንብብልኝ እንግዲህ። ጮክ ብለህ።»

ኮፍያዬን አወለቅሁና ከላይ ጀመርኩ። ሂዩበርት ክዊግሊን ስጠራ የልጅ ልጆቹ ዘንድ ትንሽ ጉርምርምታ ሆነ። ዶክተር ማኒየንን ጠራሁ። አምስተኛው ባርትሊ ሎፍተስ ነበር፤ ዲምፕና አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ስድስተኛው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«አትራክታ ጊልሁሊ።»

የወንበሩን እጀታ ይዘው ተነሡ። ማላኪ ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ በክርናቸው ገፉት። የካፖርቱን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«አለሁ» አሉ።

አደባባዩ በጭብጨባና በሆታ ተናወጠ፤ የቀሩትን አራት ስሞች ያነበብናቸው በማግስቱ ነው።